ከሲና የወረደው

ከካይሮ ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ መንገደኛ ቀይ ባሕርን አይሻገርም። መኪናው በስዊዝ ቦይ ሥር በተቆፈረው በአሕመድ ሐምዲ ዋሻ ይገባና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በእስያ ምድር ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። በቀኝ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ፣ በግራ አሸዋና ገርጣ ያለ ኮረብታ፣ አልፎ አልፎ የነዳጅ ማውጫ ማማ፣ በየርቀቱ የወታደር ኬላ። መኪናው ከባሕሩ ዳር ተለይቶ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ምድሩ ይለወጣል። ተራሮቹ እየቀሉና እየቀረቡ ይመጣሉ፤ በመካከላቸው የፌይራን ሸለቆ ከነቴምር ዛፎቹ ይዘረጋል። ያን ሁሉ ደረቅ አገር አልፎ አረንጓዴ ሲያይ የማይገረም ሰው ያለ አይመስለኝም። የጥንት ክርስቲያን ተሳላሚዎች ይህ ስፍራ ራፊዲም ነው ይሉ ነበር፤ ሙሴ እጁን ሲያነሣ እስራኤል ያየለበት፣ እጁ ሲዝል ደግሞ አሮንና ሆር ግራና ቀኝ ይዘው የደገፉበት።

በዚህ መንገድ ከእኛ 1600 ዓመት ቀድማ የሄደች አንዲት ሴት አለች፤ ኤጌሪያ ትባላለች። ከ381 እስከ 384 ባለው ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከምዕራብ አውሮፓ መጥታ ቅዱሳት መካናትን እየዞረች ያየችውን በላቲን ለአገሯ እኅቶች ጻፈች። ጽሑፏ ለዘመናት ጠፍቶ ቆይቶ በ1884 በጣሊያን፣ በአሬዞ ከተማ ተገኘ። ሲገኝ መጀመሪያውም መጨረሻውም ጎድሎ ነበር፤ የተረፈው የሚጀምረው ልክ ወደ ሲና ስትቃረብ፣ ተራሮቹ ተከፍተው ሰፊው ሸለቆ ከፊቷ ሲዘረጋ ነው። ኤጌሪያ አንድ ልማድ ነበራት፦ በደረሰችበት ሁሉ የቦታው ምንባብ ከመጽሐፍ ቅዱስ እንዲነበብ ታደርጋለች። ልማዷን እጅግ ወደድኩት፤ እኔም በዚህ ጉዞ እንደ እርሷ አደረግሁ።

የመጀመሪያውን ምንባብ ያነበብኩት በኤል ራሐ ሜዳ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ በስተ መጨረሻው ቀዩ የግራናይት ተራራ ቀጥ ብሎ ይነሣል። በትውፊት እስራኤል ድንኳን የተከሉት እዚህ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 19 የሚነግረን ሕዝቡ ልብሱን አጥቦ ሦስት ቀን እንደ ተዘጋጀ፣ በተራራው ዙሪያ ወሰን እንደ ተደረገ፣ ሰውም ይሁን እንስሳ ወሰኑን ቢያልፍ እንደሚሞት ነው። በሦስተኛው ቀን ነጎድጓድ፣ መብረቅ፣ ከባድ ደመና፣ የቀንደ መለከት ድምፅ፤ ተራራውም ጤሰ፣ ተናወጠም። ይህን ያህሉን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በሜዳው ላይ ቆሜ ሳነብ ግን ከዚያ በፊት አይቼ ያለፍኩት አንድ ነገር ያዘኝ። በቁጥር 13 ላይ ቀንደ መለከቱ ረዘም አድርጎ ሲነፋ ሕዝቡ ወደ ተራራው እንዲወጣ ተፈቅዶለታል። አጥሩ ለጊዜው ነበር ማለት ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ይህችን ቁጥር ይዘው ይከራከራሉ፤ ተራራው የተቀደሰው የእግዚአብሔር መገለጥ በላዩ ባረፈበት ሰዓት ነው፤ መገለጡ ካለፈ በኋላ በግና ፍየልም ይሰማራበታል ይላሉ። በሲና በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ይህ ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የቅድስት ካትሪን ገዳም በጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል ከ1500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ዙሪያውን የሚያጥረውን የግራናይት ቅጥርና ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ነው፤ ሥራው ከ548 እስከ 565 ባለው ጊዜ ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት አልተቋረጠበትም። መነኮሳቱ የግሪክ ኦርቶዶክስ ናቸው። ለብዙ መቶ ዓመታት በበር የሚገባ እንግዳ አልነበረም፤ ከቅጥሩ ከፍ ካለች መስኮት ገመድ ይወርድና ሰውም ስንቅም በእርሱ ተስቦ ይገባ ነበር። በቅጥሩ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ከፋጢማውያን ዘመን የቀረ ትንሽ መስጊድ አለ። ገዳሙን ከጥንት ጀምሮ የሚያገለግሉት የጀበሊያ ዘላኖችም ሙስሊሞች ናቸው፤ አባቶቻቸው ዩስጢንያኖስ ለጥበቃ ያመጣቸው ሰዎች እንደ ነበሩ ይናገራሉ። መነኮሳቱና እነርሱ አንዱ ያለ ሌላው በዚህ በረሃ መኖር የማይችል ጎረቤታሞች ናቸው።

ከቤተ መቅደሱ በስተ ኋላ ጳጦሷ አለች። በድንጋይ ግንብ ላይ አረንጓዴ ቅርንጫፎቿን አንጠልጥላ ትታያለች፤ ከአጠገቧ ያለው ጸሎት ቤት ጫማ አውልቆ የሚገባበት ነው፤ ሙሴ እንደ ታዘዘ። ዕፀ ጳጦስ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። የሐሙስ ውዳሴ ማርያም የሚጀምረው በእርሷ ነው፤ እሳት ያልበላት ቁጥቋጦ መለኮትን የተሸከመች የእመቤታችን ምሳሌ ናት። ግሪኮቹም ይህንኑ ያስተምራሉ። በግዕዝ ስንሰማው የኖርነውን ምሳሌ ዛፉ ከሚታይበት ግንብ ሥር ቆሞ ማስታወስ ልብን ይሞላል፤ አጠገቤ የነበሩ ተሳላሚዎች በሩሲያኛና በኮሪያኛ ይጸልዩ ነበር።

በቤተ መቅደሱ ጉልላት፣ ከመንበሩ በላይ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጥቃቅን ባለ ቀለም ጠጠሮች የተሠራ ሥዕል አለ። እውነቱን ለመናገር ወደ ሲና ስሄድ የጠበቅሁት የሙሴን ጽላት መቀበል ነበር። እርሱም ከላይ በጎን አለ፤ ጫማውን ሲፈታም ተሥሏል። በመካከል፣ በትልቁ ቦታ ላይ ያለው ግን የክርስቶስ ብርሃነ መለኮት መገለጥ ነው፤ የደብረ ታቦር በዓል፣ እኛ ነሐሴ 13 ቡሄ ብለን የምናከብረው። ክርስቶስ በብርሃን መካከል ቆሟል፤ ጴጥሮስ፣ ዮሐንስና ያዕቆብ ከእግሩ በታች ናቸው፤ ግራና ቀኙ ሙሴና ኤልያስ። በሲና ገዳም የታቦር ሥዕል ለምን ተመረጠ? መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን በዚህ ተራራ አገኙት የሚላቸው ሁለቱ ታላላቅ ነቢያት ሙሴና ኤልያስ ናቸውና። ሙሴ በዚህ ተራራ ክብርህን አሳየኝ ብሎ ለመነ፤ በዐለት ንቃቃት ውስጥ ተሸሽጎ ጀርባውን ብቻ እንዲያይ ተፈቀደለት። በታቦር ግን ፊቱን አየ። ወንጌሉ የሲናን ሁለት ሰዎች ወደ ሌላ ተራራ ወስዶ የለመኑትን ሰጣቸው።

ወደ ተራራው የሚወጣው በሌሊት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ለመድረስ። የአካባቢው መሪ ሳይዙ መውጣት አይቻልም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፁ ገዥ አባስ ፓሻ ያስጠረገው ጠመዝማዛ የግመል መንገድ ነው፤ ሁለተኛው መነኮሳት በድንጋይ የደረደሩት 3750 ደረጃ። በደረጃው ላይ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የድንጋይ ቅስት አለ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስጢፋኖስ የሚባል መነኩሴ ከዚያ ተቀምጦ ወደ ላይ የሚያልፉትን ኑዛዜ ይቀበል ነበር። ዐፅሙ እስከ ዛሬ ልብሰ ምንኩስናውን ለብሶ፣ በገዳሙ የዐፅም ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ይታያል። በዚሁ ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ የነፍስን ጉዞ በ30 ደረጃ ከፍሎ የጻፈው መጽሐፍ በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ብዙ ከተነበቡት አንዱ ነው። በዚህ ተራራ ጥላ ሥር የኖረ ሰው ጽድቅን በደረጃ መመሰሉ አያስገርምም።

ከጫፉ በታች የኤልያስ የሚባል ትንሽ ጎድጓዳ ሜዳ አለ፤ ዝግባ መሳይ የጥድ ዛፎች ቆመውበታል። እዚህ ከሁሉ ይበልጥ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ምንባቡም 1ኛ ነገሥት 19 ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ አውርዶ ድል ካደረገ በኋላ ኤልዛቤል ልትገድለው ስለ ዛተች ሸሸ። ሞትን ለመነ፤ መልአክ አበላው፤ በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ወደ ኮሬብ ደረሰ፤ ኮሬብ የሲና ሌላ ስሟ ናት። በዋሻ አደረ። ከዚያም ተራራ የሚሰነጥቅ ነፋስ መጣ፤ እግዚአብሔር ግን በነፋሱ ውስጥ አልነበረም። የምድር መናወጥም ሆነ፤ በዚያም አልነበረም። እሳት ነደደ፤ በእሳቱም ውስጥ አልነበረም። መናወጡና እሳቱ እስራኤል በዚህ ተራራ ሥር ቆሞ የተንቀጠቀጠባቸው ምልክቶች ናቸው! ኤልያስ ወደ ድሮው ቦታ ሲመለስ የድሮዎቹን ምልክቶች አገኘ፤ እግዚአብሔር ግን በቀስታ ድምፅ ነው የመጣው። በዚህ ስፍራ ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይቀርብለታል። ሁለት ጊዜም አቤቱታውን ይናገራል፤ ሁሉም ከድተዋል፣ ብቻዬን ቀርቻለሁ ይላል። መልሱ ማጽናኛ አልነበረም፤ ተመለስ የሚል ትእዛዝ ነበር። ወደ ደማስቆ ምድረ በዳ ሂድ፣ አዛሄልን ቀባ፣ ኢዩን ቀባ፣ በአንተ ፋንታ ኤልሳዕን ቀባ። ከሙሴ በኋላ ወደ ሲና ተመልሶ ሄደ ተብሎ የተጻፈለት ነቢይ እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱንም ተራራው አላስቀመጠውም፤ ወደ ሰው መካከል ሰደደው።

ጫፉ 2285 ሜትር ነው። ለደጋ ሰው ይህ ብዙ ከፍታ አይደለም፤ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የቆመ ሰው በሲና ጫፍ ከቆመው ይልቅ ከፍ ብሎ ቆሟል። ጎኑ ላይ ያለው የቅድስት ካትሪን ተራራ እንኳ 2629 ሜትር ነው፤ በግብፅ ከፍተኛው እርሱ ነው። የአይሁድ መምህራን በጥንት ትምህርታቸው ታቦርና ቀርሜሎስ ሕጉ በእኛ ላይ ይሰጥ ብለው በቁመታቸው ሲፎካከሩ እግዚአብሔር ዝቅተኛውን ሲናን መረጠ ይላሉ። ነፋሱ ቆዳ ይልጣል። በ1934 ከጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ የተሠራች የሥላሴ ጸሎት ቤት አለች፤ አጠገቧ ትንሽ መስጊድ። ፀሐይ ስትወጣ ቀይ ተራሮች አንዱ ከአንዱ ጀርባ እስከ አድማስ ድረስ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ በአካባቢው ሣር እንኳ የለም። ከዚህ ራቁት ድንጋይ የዓለም ሕግ መውጣቱ ልብ ይነካል።

ሙሴ የወጣበት ተራራ በእርግጥ ይህ ነው ወይ? ይህ ጥያቄ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳንድ ሊቃውንት በፌይራን አጠገብ ያለውን ሰርባልን፣ ሌሎች በኔጌቭ በረሃ ያለውን ሐር ካርኮምን፣ ጥቂቶችም በሳውዲ አረቢያ ያለውን ጀበል ኤል ሎዝን ይመርጣሉ፤ እነዚህ ጥቂቶች ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ሲናን በዐረብ ምድር ማስቀመጡን ይጠቅሳሉ። አይሁድ ግን ቦታውን አልያዙም። ጽዮንን በየጸሎታቸው የሚያስቡ፣ የአባቶቻቸውን መቃብር በየስሙ የሚለዩ ሕዝቦች የሕጋቸው መውጫ የሆነውን ተራራ ያለ ምልክት ትተውታል። ከ1967 እስከ 1982 ሲና በእስራኤል እጅ ሳለ እንኳ ተራራው የአይሁድ መሳለሚያ አልሆነም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ሕጉን የሚያከብሩት ከፋሲካ ሰባት ሳምንት ቆጥረው በሚውለው በዓለ ሰዊት፣ በያሉበት ከተማ፣ ኦሪቱን ሌሊቱን ሙሉ እያነበቡ ነው። በዚያው በዓል፣ በኢየሩሳሌም ሰገነት፣ በእሳት ልሳን አምሳል መንፈስ ቅዱስ ወረደ ሲል የሐዋርያት ሥራ የሲናን እሳት ወደ ከተማ አስገብቶታል። ማቴዎስ ክርስቶስን ወደ ተራራ ወጥቶ ሕጉን ሲያስተምር ያሳየናል፤ የተራራውን ስም ግን አይነግረንም። የዕብራውያን መልእክት ደግሞ የቀረባችሁት ወደሚነድደው፣ ጨለማ ወደ ሸፈነው ተራራ አይደለም፤ ወደ ጽዮን ነው በማለት ምእመናኑን ያነቃል። መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ የሲና ክብር ከሲና በወረደው ነገር ነው። ጽላቱ በታቦት ተደርጎ ከሕዝቡ ጋር ተጓዘ፤ ተራራው ከኋላ ቀረ።

ገዳሙም ራሱ ታላቅነቱን ያገኘው በጠበቃቸው መጻሕፍት ይመስለኛል። ከ3300 የሚበልጡ የብራናና የወረቀት መጻሕፍት አሉት። ቀድሞ ከነበሩት አንዱ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው ኮዴክስ ሲናይቲከስ፣ አሳዛኝ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ቲሸንዶርፍ በ1844 ጥቂት ቅጠሎቹን፣ በ1859 አብዛኛውን ከገዳሙ አወጣ፤ ይህ አብዛኛው ክፍል ወደ ሩሲያ ንጉሥ ሄደ፤ በ1933 የሶቪየት መንግሥት በ100,000 ፓውንድ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሸጠው። መነኮሳቱ እስከ ዛሬ ያዝናሉ፤ ከመቅደላ የተወሰዱ መጻሕፍት ያሉን እኛ ኀዘናቸውን እናውቀዋለን። በ1975 ከግንቡ ሥር ተዘግቶ የነበረ ክፍል ሲከፈት ከሺህ በላይ ሌሎች ጽሑፎች ተገኙ፤ ከኮዴክሱ የተረፉ ቅጠሎችም ነበሩባቸው። ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። መነኮሳት ብራና ሲያጥራቸው የቀድሞውን ጽሑፍ ፍቀው በላዩ ይጽፉ ነበር። ተመራማሪዎች በልዩ ብርሃን ፎቶ ሲያነሡ፣ በገዳሙ ካሉት የዐረብኛ መጻሕፍት በአንዱ ሥር የተፋቀ ግዕዝ ብቅ አለ። ጽሑፉን ስቲቭ ዴላማርተርና የኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አጥንተው ስለ እርሱ ጽፈዋል። ያን ግዕዝ የጻፈ እጅ የማን እንደ ሆነ ስሙ አልቀረም፤ የአገራችን ቋንቋ ግን በሲና ሥር ተቀብሮ ጠብቆናል።

በኢትዮጵያ ሲና በብዙ መልኩ ይኖራል። የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሙሴ ጽላት በአክሱም ጽዮን አለ ብላ ታምናለች፤ ታቦት የሌለበት ቤተ ክርስቲያን አይቀደስበትም፤ በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ የሚሰግደው ከሲና ለወረደው ቃል ነው። ይህን አንባቢዬ ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት ግን የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በየዓመቱ ሲናን እንዴት እንደሚያድሱት ነው። አስተስርዮ (የማስተስረያ ቀን) በዋለ በ50ኛው ቀን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ኅሽዋን 29፣ የስግድ በዓል ይከበራል። በጎንደር አካባቢ፣ ለምሳሌ በአምቦበር፣ ሕዝቡ ታጥቦ ነጭ ለብሶ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ከቄሶቹ ጋር ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ይወጣሉ፤ ምእመናን የመገዛት ምልክት እንዲሆን ድንጋይ በራሳቸው ወይም በትከሻቸው ይሸከማሉ። ከላይ ሲደርሱ የሕጉን መሰጠትና የነህምያን ምንባብ በግዕዝ ያነባሉ፤ ይሰግዳሉ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይጸልያሉ። ከዚያም ወርደው በደስታ ጾማቸውን ይፈታሉ። ኤል ራሐን አይተው የማያውቁ ሰዎች ከመንደራቸው በላይ ያለውን ተራራ ሲና አድርገው ኪዳናቸውን በየዓመቱ ያድሱ ነበር። በዘጸአት 19 ቁጥር 13 ላይ ያነበብኩትን ከእነርሱ በላይ የተረዳ ያለ አይመስለኝም።

ሕዝቡ በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደ። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 ስግድን የአገሪቱ በዓል አድርጎ በሕግ አጽድቆታል። ዛሬ ቄሶቹ ባለ ቀለም ጥላቸውን ዘርግተው በኢየሩሳሌም፣ በአርሞን ሐናጺቭ ከፍታ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ አሮጌው ከተማ አድርገው ይጸልያሉ። በአምቦበር ተራራ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ከወጡት መካከል ግን ያኔ አዋቂ የነበሩት ሁሉ አሁን አርጅተዋል።

እንግዲህ በእስራኤል የምትኖሩ የዚህ ሕዝብ ልጆች፣ የምጠይቃችሁ አለኝ። ወደ ሲና መሄዱ መልካም ነው፤ ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን አያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የወጡበትን ተራራ ስም፣ መንገዱን፣ ማን ኦሪቱን እንደ ያዘ፣ በየትኛው ቦታ እንደ ሰገዱ፣ ምን ተብሎ እንደ ተጸለየ ጠይቋቸው። በአማርኛም ይሁን በዕብራይስጥ ጻፉት፤ ድምፃቸውንም ቅረጹ። ይህን ዘንድሮ አድርጉት።